የማኅበር ሰው ቤተ መንግሥት ሲገባ፦ የዛምቢያው ፍሬድሪክ ቺሉባ

አዳም_ዘቂርቆስ፦

ሰላም ለቤቱ። ከሠራተኛ ማኅበር ተነስቶ ፕሬዚዳንት ስለሆነ ሰው ወሬ ሲነሳ የሚጠሩት ሁሌ የፖላንዱ ሌክ ዋሌሳና የብራዚሉ ሉላ ናቸው። የአህጉራችንን ሰው የሚያነሳው የለም። ሰሞኑን የዛምቢያውን ፍሬድሪክ ቺሉባን ታሪክ እያነበብኩ ስለሰነበትኩ ለውይይት ላቅርበው ብዬ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ቺሉባ የተወለደው በ1943፣ መዳብ በሚወጣበት በኪትዌ ነው። ሁለተኛ ደረጃን ሳይጨርስ በፖለቲካ ሰበብ ከትምህርት ቤት ተባረረ። ታንዛኒያ ተሻግሮ ቃጫ እርሻ ላይ ሠራ፣ ከዚያ ተመልሶ ንዶላ ውስጥ አትላስ ኮፕኮ በሚባለው የስዊድን ኩባንያ ሒሳብ ክፍል ተቀጠረ። ወደ ማኅበር ሥራ የገባውም እዚያ ነው። በ1974፣ በ31 ዓመቱ፣ የዛምቢያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንግረስ ሊቀመንበር ሆነ። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ቢሞላ ነው፤ አፉ ግን ሌላ ነበር።

በዚያን ጊዜ አገሪቱ የአንድ ፓርቲ ናት። ፕሬዚዳንት ኬኔት ካውንዳና ፓርቲያቸው ዩኒፕ ከነፃነት ቀን ጀምሮ እንደተቀመጡ ናቸው። ካውንዳ የማኅበር መሪዎችን በሹመት መያዝ ይችሉበት ነበር፤ ቺሉባ ግን የቀረበለትን የፓርቲ ወንበር አልፈልግም አለ። በጥር 1981 አሥራ ሰባት የማኅበር መሪዎች ከዩኒፕ ተባረሩ፣ የመዳብ ማዕድኑ አካባቢ ኮፐርቤልት በአድማ ቆመ፣ ሐምሌ ላይ ቺሉባ ከኮንግረሱ ዋና ጸሐፊ ከኒውስቴድ ዚምባና ከሌሎች ጋር ያለ ክስ ታሰረ። ፍርድ ቤት እስሩ ሕግ የለውም ብሎ ለቀቃቸው። ከእስር ሲወጣ በዛምቢያ ውስጥ ከካውንዳ ቀጥሎ ስሙ የሚታወቅ ሰው ሆኖ ነው የወጣው።

ከዚያ 1990 መጣ። የበቆሎ ዱቄት ዋጋ በእጥፍ ጨመረ፣ ሉሳካ ተናወጠች፣ ሰው ሞተ። በዚያው ሳምንት ሉቼምቤ የሚባል መቶ አለቃ ሬዲዮ ጣቢያ ገብቶ ሥልጣን ያዝኩ ብሎ አወጀ። ሙከራው በሰዓታት ውስጥ ከሸፈ፤ ሕዝቡ ግን መንገድ ላይ ወጥቶ ሲጨፍር ካውንዳ አዩት። ሐምሌ ላይ ምሁሩም፣ ነጋዴውም፣ ከዩኒፕ የተኳረፈውም፣ የማኅበሩም ሰው ሉሳካ ውስጥ ጋርደን ሃውስ ሞቴል ተሰብስቦ የመድብለ ፓርቲ ንቅናቄ አቋቋመ፤ ኤም.ኤም.ዲ. የሚባለው ማለት ነው። መፈክራቸው «ሰዓቱ ደርሷል» ነበር። ጥቅምት 31 ቀን 1991 በተደረገው ምርጫ ቺሉባ 76 በመቶ ገደማ ድምፅ አገኘ፣ ፓርቲው ከ150 ወንበር 125ቱን ወሰደ። ካውንዳም ያለ ጭቅጭቅ አስረከቡ።

እስከዚህ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል። እኔን ያነጋገረኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ካውንዳ በ1986 የዱቄቱን ድጎማ ሲያነሱ ኮፐርቤልት ነደደ፣ አሥራ አምስት ሰው ሞተ፣ ድጎማውም ተመለሰ። በ1990 ሲደግሙት የሆነውን ከላይ ጻፍኩ። ቺሉባ ሥልጣን ላይ በወጣ በሳምንታት ውስጥ ያንኑ ድጎማ አነሳው፤ ረብሻ አልተነሳም። ዱቄቱ ያው ዱቄት፣ ሕዝቡም ያው ሕዝብ ነው። በእኔ ግምት የማኅበር ሰውነቱ ለአበዳሪው ለዓለም የገንዘብ ድርጅት (አይ.ኤም.ኤፍ.) የጠቀመውን ያህል ለሠራተኛው አልጠቀመም። ካውንዳ ሊያስውጡት ያልቻሉትን መድኃኒት ሠራተኛው ከቺሉባ እጅ ዋጠው፤ ሰውየውን ስለሚያምነው። እስቲ ሐሳባችሁን።

ሒሳብ_ሹሙ፦

አዳም፣ አጻጻፍህ ጥሩ ነው፤ ግን ከዱቄቱ ጀርባ ያለውን ካዝና ዘለልከው። ቺሉባ ሲገባ ዛምቢያ ላይ ሰባት ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕዳ ነበር። ለስምንት ሚሊዮን ሕዝብ ማለት ነው፣ አስበው።

መዳብ በ1975 ዋጋው ከወደቀ ወዲህ አልተነሳም። ካውንዳ በ1969 ማዕድኑን 51 በመቶ የመንግሥት ሲያደርጉት ዋጋው ጣሪያ ላይ ስለነበር ሆስፒታሉም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የሠራተኛው መዝናኛ ክበብም በእሱ ተሠራ። ዋጋው ሲወድቅ ወጪው አልወረደም፤ በብድር ተሸፈነ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የመንግሥቱ ማዕድን ድርጅት ዜድ.ሲ.ሲ.ኤም. በቀን አንድ ሚሊዮን ዶላር ይከስር ነበር እየተባለ ይጻፋል። በ1993 የዋጋ ንረቱ ከ180 በመቶ በላይ ነበር። በደመወዝ ቀን የተቀበልከው ብር ወሩ ሳያልቅ ወረቀት ይሆናል።

እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የማኅበር ሰው ገባ፣ የነጋዴ ሰው ገባ፣ ምን ልዩነት ያመጣል? ድጎማውን ካላነሳህ አበዳሪ አይሰጥህም፤ አበዳሪ ካልሰጠህ ደመወዝ አትከፍልም። ካውንዳም እኮ በ1987 ከአይ.ኤም.ኤፍ. ጋር ተጣልተው ብቻቸውን ሞክረውት ነበር፤ ሁለት ዓመት ቆይተው ተመለሱ።

አዳም_ዘቂርቆስ፦

@ሒሳብ_ሹሙ ካዝናው ባዶ ነው፣ ተስማማን። ባዶ ካዝና ግን ምን መሸጥ እንዳለበት፣ ለማን፣ በምን ያህል፣ የተቀነሰው ሠራተኛ ካሳው መቼ እንደሚከፈለው አይነግርህም። የማኅበር ሰው ልዩነት የሚታየው እዚያ ላይ መሆን ነበረበት።

የድሮ_ማኅበርተኛ፦

ልጆች፣ እኔ በወጣትነቴ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የመሠረታዊ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ስለዚህ ፖለቲካውን ለእናንተ ልተውና ስለ አሠራሩ ልናገር።

የማኅበር ጉልበት ሁለት ነገር ነው፤ መዋጮና አድማ። መዋጮ አሠሪው ከደመወዝ ላይ ቆርጦ ለማኅበሩ ያስገባል። ዛምቢያም እንዲሁ ነበር፤ በ1971 የወጣው የኢንዱስትሪ ግንኙነት ሕግ በአንድ ኢንዱስትሪ አንድ ማኅበር ብቻ እንዲኖር፣ ማኅበራቱ ሁሉ በአንድ ኮንግረስ ሥር እንዲሆኑ አደረገ። ካውንዳ ይህን ያደረጉት ለመቆጣጠር እንዲመቻቸው ነው። የሆነው ግን ተገላቢጦሽ። ኮንግረሱ ቋሚ ገቢ ያለው፣ በየማዕድኑ፣ በየባቡር ጣቢያው፣ በየትምህርት ቤቱ ቅርንጫፍ የዘረጋ፣ ከዩኒፕ ውጭ ያለ ብቸኛ አገር አቀፍ ድርጅት ሆነ። በአንድ ፓርቲ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኤም.ኤም.ዲ. ገና በተወለደ በአንድ ዓመት ከሦስት ወሩ ምርጫ ያሸነፈው በምን መኪና፣ በማን ጽሕፈት ቤት፣ በየትኛው ካድሬ ይመስላችኋል? በማኅበሩ ነው እንጂ።

አሁን ቀጥሎ የሆነውን እዩ። ቺሉባ ፕሬዚዳንት ሆነ። ዋና ጸሐፊው ዚምባ ሚኒስትር ሆነ። አብሯቸው የታሰረው ቺታሉ ሳምፓም ሚኒስትር ሆነ። በሃያ ዓመት ድርድርና እስር የተቀረጸው አመራር በአንድ ቀን ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ተሻገረ። ማኅበሩ ውስጥ የቀሩት በአዲሱ መንግሥት ላይ አድማ ይጥሩ ቢባሉ በማን ላይ ሊጠሩ ነው? ትናንት አብረውት በታገሉት ወንድማቸው ላይ? አድማ መጥራት የሚያስፈራው ፖሊስ ስላለ ብቻ አይደለም። ወዳጅህን ማሳፈር ከፖሊስ ዱላ የከበደ ነው።

አዳም እንዳለው የዱቄቱ ድጎማ ሲነሳ ዝም ያለው ሕዝቡ ብቻ አልነበረም፤ ማኅበሩም ዝም ብሏል። የመጀመሪያው ዓመት ዝምታ ደግሞ ሁሌም ውድ ነው፤ በሁለተኛው ዓመት ብትጮህ የሚሰማህ የለም።

ቀጭኔ_21፦

ጋሼ ጠረጴዛውን በደንብ ገልብጠው አሳዩን 👏

ሉሳካ_ነኝ፦

እኔ እዚሁ ዛምቢያ ነው የምኖረው፣ አነስተኛ ንግድ አለኝ፣ ለሥራ ወደ ኮፐርቤልት እመላለሳለሁ። ስለ ቺሉባ እዚህ ሰው ስትጠይቁ የምትሰሙት መልስ በመጽሐፍ ካለው ይለያል።

ኪትዌ ውስጥ ዕቃ የማስረክብላቸው አንድ አዛውንት አሉ፤ ጡረተኛ የማዕድን ሠራተኛ ናቸው። ቤታቸው ባለ ሦስት ክፍል፣ ከፊት ለፊቱ አጥሩን አፍርሰው ሱቅ ከፍተውበታል፤ ዘይት፣ ሳሙና፣ በትንንሽ ፌስታል የተቋጠረ ስኳር ይሸጣሉ። ቤቱ ድሮ የማዕድን ድርጅቱ ነበር። ሲቀነሱ ካሳቸው ላይ ተቀንሶ ቤቱ በስማቸው ሆነላቸው። «ሥራዬን የወሰደብኝ ቺሉባ ነው፣ ቤቴንም የሰጠኝ ቺሉባ ነው» ይሉኛል። ሁለቱንም በአንድ ድምፅ ነው የሚሉት፣ ሳይናደዱ።

የቤቱ ነገር ትልቅ ነው። በ1996 በምርጫው ዓመት የከተማ አስተዳደር ቤቶች፣ እኛ የቀበሌ ቤት እንደምንለው ማለት ነው፣ ለተከራዮቹ በርካሽ እንዲሸጡ ፕሬዚዳንቱ አዘዘ። ምክር ቤቶቹ የኪራይ ገቢያቸው ደረቀ፣ የውኃና የቆሻሻ አገልግሎቱ ወረደ። ተከራይ የነበረው ግን ካርታ ያዘ። እስከ ዛሬ ድረስ ቺሉባን በደግ የሚያነሱት በአብዛኛው በዚያ ቤት ምክንያት ነው።

በሌላ በኩል ሉአንሺያ ሂዱ። የሉአንሺያ ማዕድን በ1997 ቢናኒ ለሚባል የሕንድ ኩባንያ ተሸጠ። ከመዳብ ይልቅ በብረታ ብረት ቁርጥራጭ ንግድ የሚታወቅ ድርጅት ነው። በ2000 ከሰረ፣ ደመወዝ ቆመ። ከተማዋ አንድ ማዕድን፣ አንድ ሆስፒታል፣ አንድ የገበያ ቦታ ነበራት፤ ሁሉም በማዕድኑ ነው የሚንቀሳቀሱት። በአጠቃላይ በ1970ዎቹ አጋማሽ ከ60,000 በላይ ሰው ይሠራበት የነበረው የማዕድን ዘርፍ በ2001 ወደ 20,000 ወርዶ ነበር።

ጨርቁም እንዲሁ። ድንበሩ በአንድ ጊዜ ሲከፈት ሰልባጅ ገባ፣ እዚህ ሳላውላ ይሉታል፣ የአገር ውስጥ ፋብሪካው አንድ በአንድ ዘጋ። የሚገርመው ሴቶቹ ስለ ሳላውላ ክፉ አይናገሩም፤ በካውንዳ ጊዜ ሱቁ ባዶ ነበር፣ ሳሙና በሰልፍ ነበር ይሏችኋል።

ሒሳብ_ሹሙ፦

@ሉሳካ_ነኝ የአዛውንቱ ንግግር እኔ ልል የፈለግኩትን ከእኔ በተሻለ ይላል። የሱቁን መሙላት ማንም አይቆጥርለትም። በካውንዳ ዘመን ገንዘብ ይዘህ ዕቃ አታገኝም ነበር።

ትርሲት_መ፦

ወንዶች ስለ መዳብ ስታወሩ እኔ ስለ ሙሉ ልብሱ ላውራ። የሰውየው ፖለቲካ የሞተው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው።

የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግንቦት 2007 ላይ የሰጠውን ፍርድ ያነበባችሁ አላችሁ? ከሳሹ የዛምቢያ መንግሥት ራሱ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ክስ። ነገሩ እንዲህ ይሠራ ነበር፦ ለንደን ውስጥ በዛምቢያ ብሔራዊ ንግድ ባንክ ቅርንጫፍ ዛምትሮፕ የሚባል ሒሳብ ተከፈተ። የስለላ መሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ስለሆነ ኦዲተር አይጠይቅም። ከገንዘብ ሚኒስቴር ወደዚያ ይላካል፣ ከዚያ ወደ ጠበቆች ሒሳብ፣ ከዚያ ወደ ቡቲክ፣ ወደ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ወደ ቤት ግዥ። ዳኛው ፒተር ስሚዝ ቺሉባና አጋሮቹ 46 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ዘርፈዋል ብለው ወሰኑ።

ከሁሉ እኔን ያቆመኝ ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቫ ያለው የልብስ ሱቅ ነው። ዳኛው አስልተውታል፤ ቺሉባ በአሥር ዓመት ሥልጣኑ ያገኘው ደመወዝ ተደምሮ መቶ ሺህ ዶላር አካባቢ ነው፣ በዚያ ሱቅ ብቻ የከፈለው ግን ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ። መርማሪዎች የያዙት ቁም ሣጥን ውስጥ 349 ሸሚዝ፣ 206 ኮትና ሙሉ ልብስ፣ 72 ጥንድ ጫማ ተቆጠረ። ጫማዎቹ ቁመት እንዲጨምሩለት ተረከዛቸው ከፍ ተደርጎ በልክ የተሠሩ ናቸው። ዳኛው አንድ ነገር አሉ፤ የዛምቢያ ሕዝብ ይህን ሰው በእነዚህ ልብሶች ለብሶ በአደባባይ ባየው ቁጥር በተሰረቀ ገንዘቡ እንደተገዙ ይወቅ ብለው ጻፉ።

የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ የነበረ ሰው፣ የማኅበር ገንዘብ እንዴት እንደሚመዘገብ የሚያውቅ ሰው፣ ኦዲተር የማይገባበት ሒሳብ ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም ልትሉኝ ነው? ያውቃል።

አዳም_ዘቂርቆስ፦

@ትርሲት_መ ይሄ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን በአገሩ ፍርድ ቤት ነፃ መውጣቱ መጠቀስ አለበት። ነሐሴ 2009 የሉሳካው ዳኛ የቀረበበት የግማሽ ሚሊዮን ዶላር ክስ አልተረጋገጠም ብሎ በነፃ አሰናበተው።

ትርሲት_መ፦

አዎ፣ በነፃ ተለቀቀ። ከዚያስ? የፀረ ሙስና ግብረ ኃይሉ ኃላፊ ይግባኝ አቀረበ፤ ወዲያው ከሥራው ተነሳ፣ ይግባኙም ተሰረዘ። የለንደኑ ፍርድ ደግሞ ዛምቢያ ውስጥ ተመዝግቦ እንዲፈጸም ሲጠየቅ በነሐሴ 2010 የዛምቢያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አይመዘገብም አለ፤ መንግሥት ይግባኝ አላለም። በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንቱ ሩፒያ ባንዳ ናቸው፣ ቺሉባ ደግሞ ለእሳቸው ይቀሰቅስ ነበር። ከዚህ በላይ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ቀጭኔ_21፦

እኔ የማይገባኝ የቺሉባና ከእሱ ቀጥሎ ፕሬዚዳንት የሆነው የምዋናዋሳ ነገር ነው። ራሱ የመረጠው ሰው አይደለም እንዴ ያስከሰሰው?

ሉሳካ_ነኝ፦

@ቀጭኔ_21 ራሱ ነው የመረጠው። ሌቪ ምዋናዋሳ በ1991 የቺሉባ ምክትል ነበሩ፣ በ1994 ሙስናው በዛ ብለው ለቀቁ። ቺሉባ በ2001 ዕጩ አድርጎ መልሶ ሲያመጣቸው ሁሉም የገመተው ታዛዥ ይሆናሉ ብሎ ነው። በ29 በመቶ ድምፅ አሸነፉ። በዓመቱ ሐምሌ 2002 ፓርላማው ገብተው ያለመከሰስ መብቱ እንዲነሳ ጠየቁ፤ ተነሳም።

ወደዚያ ያደረሰውን ደግሞ ላንሳ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚጥመው ክፍል እሱ ነው። ሕገ መንግሥቱ ሁለት ዘመን ብቻ ይላል። በ2001 መጀመሪያ የቺሉባ ሰዎች ሦስተኛ ዘመን ብለው ተነሱ። ቤተ ክርስቲያኖች፣ የጠበቆች ማኅበሩና የሴቶች ድርጅቶች ኦዌሲስ ፎረም የሚባል ኅብረት ፈጠሩ። አረንጓዴ ሪባን አሰሩ። ዓርብ ዓርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪና ያለው ሁሉ ጡሩንባውን ይነፋል፤ መኪና የሌለው ያፏጫል። ድንጋይ የለም፣ ጎማ ማቃጠል የለም። ፖሊስ ጡሩንባ የነፋን ሁሉ ማሰር አይችልም። የፓርቲው ጉባኤ ሕጉን ቢቀይርለትም፣ ምክትል ፕሬዚዳንቱን ጨምሮ እምቢ ያሉትን ሚኒስትሮችና የምክር ቤት አባላት ቢያባርርም ነገሩ አልሆነለትም። ግንቦት ወር ላይ በቴሌቪዥን ቀርቦ አልወዳደርም አለ።

የድሮ_ማኅበርተኛ፦

ልብ በሉ፤ ያን ዓርብ ዓርብ ጡሩንባ ያስነፉት ቄሶችና ጠበቆች ናቸው። በ1990 አገሩን ያንቀሳቀሰው የሠራተኛው ኮንግረስ ግንባር ቀደም አልነበረም። አሥር ዓመት ውስጥ ያ ሁሉ ጉልበት የት ገባ ብላችሁ ጠይቁ።

በ1994 ሊቪንግስተን ላይ በተደረገው የኮንግረሱ ጉባኤ ማዕድን ሠራተኞቹና መምህራኑን ጨምሮ ትልልቅ ማኅበራት ተገንጥለው ወጡ። ከዚያ በፊት በ1993 የወጣው የሠራተኛ ሕግ በአንድ ዘርፍ ብዙ ማኅበር እንዲቋቋም በር ከፍቶ ነበር። ሕጉን ያወጣው የማን መንግሥት ነው? የቀድሞው ሊቀመንበር። ካውንዳ ማኅበሩን አቅፈው ሊያፍኑት ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። ቺሉባ የውስጡን ዕቃ ያውቀዋል፤ የትኛው ብሎን ሲላላ እንደሚበታተን ያውቃል። በተንኮል አደረገው አልልም። ነፃ የመደራጀት መብት ብሎ ነው ያወጣው፤ በወረቀት ላይ ልክ ነው። ሠራተኛው በቅነሳ በሚታመስበት ሰዓት ማውጣቱ ነው ቁም ነገሩ።

ሒሳብ_ሹሙ፦

ጋሼ፣ በዚህ እንኳ አልስማማም። አንድ ብቻ ማኅበር እንዲኖር በሕግ ማስገደድ ራሱ የአንድ ፓርቲ ዘመን ልማድ አይደለም እንዴ? ሠራተኛ የመረጠውን ማኅበር ይቀላቀል ማለት ምን ክፋት አለው? ማኅበር ሕግ ካልጠበቀው የሚፈርስ ከሆነ ቀድሞውንም የተሠራው በአባላቱ ፍላጎት አልነበረም ማለት ነው።

የድሮ_ማኅበርተኛ፦

ልጄ፣ አሠሪው አንድ በሆነበት ቦታ ማኅበሩ አምስት ሲሆን ማን እንደሚያሸንፍ ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም። አንዱ ማኅበር 20 በመቶ ጭማሪ ሲል ሌላው 12 በመቶ ይፈርማል፤ አሠሪው በ12ቱ ይዘጋዋል። እኔ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ትርሲት_መ፦

ማንም ያላነሳውን ላንሳ፤ የካውንዳን ዜግነት። በ1996 ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለና ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው ሁለቱም ወላጆቹ በትውልድ ዛምቢያዊ መሆን አለባቸው ተባለ። የካውንዳ ወላጆች ከዛሬዋ ማላዊ የመጡ ሚስዮናውያን ስለሆኑ መወዳደር ተከለከሉ። በ1999 የንዶላ ፍርድ ቤት ጭራሽ አገር አልባ ናቸው ብሎ ወሰነ፤ በኋላ በይግባኝ ተሻረ። አገሪቱን ነፃ አውጥተው 27 ዓመት የመሩ ሰው ናቸው። ካውንዳም ቺሉባን በ1981 አስረውት ነበር፤ ግን የማን አገር ሰው ነህ ብለው አልጠየቁትም። ከመዳቡ ሽያጭ ይልቅ ለእኔ ይህ ይብስብኛል። ይህን ያዘዘው አይ.ኤም.ኤፍ. አይደለምና።

አዳም_ዘቂርቆስ፦

በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። በዚያ ላይ ቺሉባ ራሱ እስር የቀመሰ ሰው ነው። በ1997 በጥቅምት የተሞከረውን መፈንቅለ መንግሥት ተከትሎ ካውንዳን ያሳሰራቸው በፈረንጆቹ የገና ቀን፣ ታኅሣሥ 25 ነው። ክርስቲያን አገር ነን ብሎ በ1991 መጨረሻ ያወጀውም እሱ ነው።

ቀጭኔ_21፦

ታዲያ ሉላስ? ሉላም ከብረታ ብረት ማኅበር መጥቶ አበዳሪዎችን አላስደሰተም እንዴ? ልዩነታቸው ምንድን ነው?

አዳም_ዘቂርቆስ፦

@ቀጭኔ_21 ጥሩ ጥያቄ ነው። ሉላ ቤተ መንግሥት ከመግባቱ በፊት የራሱን ፓርቲ በ1980 አቋቁሞ ሦስት ጊዜ ተሸንፏል፤ በ1989፣ በ1994፣ በ1998። በእነዚያ ዓመታት ፓርቲው በየከተማው ከንቲባ አስመረጠ፣ በጀት መያዝ ተማረ፣ ከማኅበሩ ጋር ያለው ገመድም አልተበጠሰም። በ2002 ሲያሸንፍ ከኋላው የሠራተኛ ፓርቲ ነበረ። ቺሉባ ያሸነፈው በአሥራ አምስት ወር ውስጥ፣ ካውንዳን ከመጥላት በቀር አንድ የሚያደርጋቸው ነገር በሌላቸው ሰዎች ጥምረት ነው። የንቅናቄው ገንዘብ ከነጋዴዎቹ፣ እግሩ ከማኅበሩ፣ ጭንቅላቱ ከምሁራኑ። ካሸነፉ በኋላ ማን መራው? ገንዘቡ።

ሒሳብ_ሹሙ፦

ሉላ በ2003 የመዳብ ሳይሆን የአኩሪ አተርና የብረት ማዕድን ዋጋ ሲወጣ ነው የገባው። ዕድሉን አትርሳ። የመዳብ ዋጋም የተነሳው ቺሉባ ሸጦ ከጨረሰ በኋላ፣ ከ2004 ወዲህ ነው። አምስት ዓመት ቢቆይ ኖሮ ዛሬ ስለ እሱ የምንጽፈው ሌላ ነበር።

ሉሳካ_ነኝ፦

ስለ ሽያጩ ከተነሳ እኛንም የሚነካ አንድ ነገር አለ። የዛምቢያ አየር መንገድን በ1994 አክስሮ የዘጋው የቺሉባ መንግሥት ነው። ከ27 ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2021፣ እንደገና የበረረው በእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 45 በመቶ ድርሻ ነው። እዚህ ሉሳካ አየር ማረፊያ አንዳንድ ዛምቢያውያን ይህን ሲያነሱልኝ የእናንተው አልተሸጠም አይደል ይሉኛል።

ቀጭኔ_21፦

ምን መለስክላቸው? 😅

ሉሳካ_ነኝ፦

ሻይ ጋበዝኳቸው።

የድሮ_ማኅበርተኛ፦

ሰውየው ሲሞትስ እንዴት ተቀበረ? በማኅበርተኛነቱ ነው ወይስ በፕሬዚዳንትነቱ?

ሉሳካ_ነኝ፦

ጋሼ፣ ሰኔ 18 ቀን 2011 ነው የሞተው፣ ሉሳካ ቤቱ ውስጥ። በመንግሥት ሥነ ሥርዓት ፕሬዚዳንቶቹ በሚያርፉበት ኤምባሲ ፓርክ ተቀበረ። ከሦስት ወር በኋላ ምርጫውን ያሸነፉት ማይክል ሳታ ናቸው። ሳታ የቺሉባ ሚኒስትር ነበሩ፤ በ2001 ዕጩ ሳይደረጉ ሲቀሩ ተኳርፈው ወጥተው የራሳቸውን ፓርቲ መሠረቱ። ቅስቀሳቸው ደግሞ በማዕድኑ ባለቤቶችና በደመወዙ ማነስ ላይ ነበር። ኮፐርቤልት ድምፁን ለእሳቸው ሰጠ። የቀድሞው የኮንግረሱ ሊቀመንበር ፋክሰን ሻሜንዳም የሠራተኛ ሚኒስትር ሆኑ።

የድሮ_ማኅበርተኛ፦

እንደገና ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ።

ሒሳብ_ሹሙ፦

ማዕድኑስ አሁን በማን እጅ ነው?

ሉሳካ_ነኝ፦

ሞፓኒ የሚባለውን ማዕድን በ2000 የወሰደው ግሌንኮር የሚባል ኩባንያ ከሸሪኮቹ ጋር ነበር። በ2021 መንግሥት በአንድ ዶላርና በአንድ ቢሊዮን ተኩል ዶላር ዕዳ መልሶ ገዛው። ገንዘብ አጠረውና በ2024 ደግሞ 51 በመቶውን ለኤምሬትስ ኩባንያ ሸጠው።

ሒሳብ_ሹሙ፦

ስለዚህ ሁለት ጊዜ ተሸጠ ማለት ነው።

ሉሳካ_ነኝ፦

ሞፓኒ ብቻውን ሁለት ጊዜ። ሌላውን ማዕድን ኮንኮላን ጨምርበት፤ አንግሎ አሜሪካን የሚባለው ኩባንያ በ2000 ገዝቶ በ2002 ጥሎት ሄደ፣ በ2004 ቬዳንታ የሚባል ሌላ ኩባንያ መጣ፣ በ2019 መንግሥት በፍርድ ቤት ነጠቀው፣ ኋላ ደግሞ ታርቆ መለሰለት።